የመኪና ፍጥነትና የደም ካሳ በጎጃም መንገድ

እንደሚታወቀው እድራችን ሰው ሲሞት ጡሩምባ ያስነፋል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ወንበርና ድስት ያወጣል፤ ለሐዘንተኛው የተወሰነውን ገንዘብ ይከፍላል፤ ሰልስቱ ሲያልፍም ድንኳኑን ነቅሎ ይመለሳል። ሟቹ በሕመም ይሙት፣ በእርጅና ይሙት፣ መኪና ገጭቶት ይሙት፣ ለእድሩ መዝገብ ሁሉም አንድ ነው፤ ስሙ፣ ቀኑ፣ የተከፈለው ገንዘብና የተቀባዩ ፊርማ ይሰፍራል። ይኸ ደንባችን ነው፤ ክፉ ደንብም አይደለም። ነገር ግን መኪና በገደለው ሰው ቤት ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ የሚቀር አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ፤ እሱም በሕግ የሚጠየቅ ካሳ ነው። ይህን ካሳ ስንቱ ቤተ ሰብ ባለማወቅ እንደ ጣለው በየሐዘኑ ቤት ስንቀመጥ እናያለን። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ፍጥነት ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባ፣ ምን እንዳደረሰብን፣ ሕጉም ከኋላው እየተጎተተ እንዴት እንደ ደረሰ ለማውሳት አስበናል። ዓመቶቹን፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ በእኛው አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

አባቶቻችን ከደብረ ማርቆስ፣ በቀድሞ ስሟ ከመንቆረር፣ ተነሥተው ሸዋ ለመግባት ትልቁ ፈተናቸው ዓባይ ነበር። በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በዘመኑ ስሙ የተጠራ ስለ ነበረ፣ ሲራራ ነጋዴው ጨዉንና ቡናውን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ዓባይን እየተሻገረ ይመላለስ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና መንገዱ ይዘጋል፤ ወዲህና ወዲያ ማዶ የሚኖር ዘመድ ውሃው እስኪጎድል ድረስ አይጠያየቅም። በበጋም ቢሆን ንዳዱ፣ አዞውና ሽፍታው አለ። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን የመንገደኛው ፍጥነት የእግሩ ፍጥነት ነው። በቅሎ ብትደነግጥ፣ ፈረስ ቢያመልጥ ሰው ይጎዳል፤ ይሞታልም፤ ነገር ግን አንዲት በቅሎ በአንድ ጊዜ 30 ሰው ገደል ከትታ አታውቅም።

ሰው ሳያስብ ሌላውን ቢገድልስ? ፍትሐ ነገሥቱ አስቦ የገደለንና ሳያስብ የገደለን ለይቶ ያያል። በአገራችን ልማድ ደግሞ የገዳይ ወገን ገለል ይላል፤ ሽማግሎችና ካህናት መካከል ይገባሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፤ እርቅ ይወርዳል። ይኸ ልማድ ስንቱን የደም መቃቃር አብርዷል፤ እኛም ተቀምጠንበት አይተናል፤ አንንቀውም። ሆኖም የተሠራው ገዳይና ሟች በሚተዋወቁበት፣ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ በሚታወቅበት አገር ነው። ዛሬ ገዳዩ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ፣ ሰሌዳው እንኳ ሳይነበብ፣ በአቧራ ውስጥ ተሰውሮ ይሄዳል። በአሮጌው ልማድ ብቻ አዲሱን ነገር መዳኘት ያስቸገረን ከዚህ የተነሣ ነው።

የመኪና ሞት በሌላውም አገር መጀመሪያ ላይ ሰውን ግራ አጋብቶት ነበር። እንግሊዞች በ1857 ባወጡት ሕግ በሞተር የሚጎተት ሠረገላ በከተማ ውስጥ በሰዓት ከ2 ማይል፣ ይኸውም ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙ ሳይርቅ፣ እንዲሄድ ወስነው፣ ከፊቱም ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እንዲቀድም አድርገው ነበር። ያ ሕግ ከሥራ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1888 ክረምት፣ ብሪጅት ድሪስኮል የምትባል የ44 ዓመት ሴት ለንደን ውስጥ በአውቶሞቢል ተገጭታ ሞተች። ዓመቱ ዓድዋ ላይ ጣልያን ድል የተመታበት መሆኑ ነው። በዚያ አገር አውቶሞቢል የገደላት የመጀመሪያዋ እግረኛ እሷ ናት ይባላል። ሾፌሩ ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው አለ፤ ምስክሮች ደግሞ በኃይል ይበር ነበር አሉ፤ በመጨረሻም ድንገተኛ አደጋ ነው ተብሎ ማንም ሳይከሰስ ቀረ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ የሾፌርና የምስክር ቃል ግን ዛሬም ያው ነው።

ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ነው። ጎጃም ግን በዓባይ ሸለቆ ተከልላ ብዙ ዘመን ቆየች። ለመኪና የሚሆነውን መንገድ በዓባይ በረሃ ቁልቁል ቆርጦ ያወረደው ጣልያን ነው። ያወረደውም ለእኛ ብሎ ሳይሆን ወታደሩንና ስንቁን ለማመላለስ፣ የጎጃምንም አርበኛ ለመክበብ ነበር። በ1933 ሲሸነፍና ወደ ሸዋ ሲያፈገፍግ የዓባይን ድልድይ አፍርሶ ሄደ። ከነጻነት በኋላ አዲስ ድልድይ ተሠራ፤ በ1943 የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመና መንገዱን ማደስና መጠበቅ የእሱ ሥራ ሆነ። በዚያ መንገድ ነው እንግዲህ የጣልያኖቹ ትሬንታ ኳትሮ፣ በኋላም ፊያት ኤንትሬ ካሚዮንና ሎንቺናው እያቃሰተ መመላለስ የጀመረው።

ስለ ዓባይ ቁልቁለት ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ያላየው ሰው አይገባውምና። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱም ከተሞች ደጋ ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ወንዙ ያለበት ግን 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ መኪናው ከ1,400 ሜትር በላይ ይወርድና ወዲያው ያንኑ ያህል ይወጣል። ከላይ ጋቢ የደረበ መንገደኛ ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። የድሮዎቹ ሾፌሮች አንድ ሕግ ነበራቸው፤ በየትኛው ማርሽ እንደምትወጣው በዚያው ማርሽ ውረድ ይሉ ነበር። ምክንያቱም በከባድ ማርሽ የሚወርድ መኪና ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ማርሹን አቅልሎ በፍሬን ብቻ ልውረድ ያለ ግን ፍሬኑ ይግልና ይሸታል፤ ሲግል ደግሞ አይዝም። በየኩርባው ቆመው ጎማ ያያሉ፤ ፍሬን ያቀዘቅዛሉ፤ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይዘላል። ተሳፋሪው በዚህ ይማረር ነበር፤ እኛም ተማርረናል። ያ መዘግየት ነፍስ ማትረፊያ መሆኑ የገባን ሰው ሁሉ መቸኮል ከጀመረ በኋላ ነው።

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። እስከ 1956 ድረስ በአገራችን መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነበር፤ ሰኔ 1 ቀን 1956 ግን በአዋጅ ወደ ቀኝ ተዛወረ። ለዚያ ቀን መንግሥት አስቀድሞ አስጠንቅቆ፣ ለሾፌሩም ለእግረኛውም አስተምሮ ነበር። አንድ ለውጥ ሲመጣ ሕዝቡን አስቀድሞ ማዘጋጀት እንደሚቻል ይኸ ጥሩ ምስክር ነው። ለፍጥነት ግን ማንም አላዘጋጀንም። ፍጥነት በአዋጅ ሳይሆን በአስፋልት ነው የመጣው።

ከ1989 ጀምሮ መንግሥት የመንገድ ልማት መርሐ ግብር ብሎ በመላ አገሪቱ ብዙ ሠርቷል። የእኛንም መንገድ፣ ከአዲስ አበባ በጎሐ ጽዮን ዓባይን ተሻግሮ ደጀን የሚደርሰውን፣ የጃፓን መንግሥት በእርዳታ አድሶታል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል፣ በአሮጌው ድልድይ አጠገብ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የኅዳሴ ድልድይ ተመርቋል። ይህን የሚጠላ የለም። ቀድሞ ቀኑን ሙሉ ይፈጅ የነበረው 300 ኪሎ ሜትር መንገድ አጠረ፤ ነፍሰ ጡር ሐኪም ቤት ደረሰች፤ ጤፉም ሳይበላሽ ገበያ ገባ። ነገር ግን መንገዱ ሲቃና በመንገዱ ዳር ያለው ኑሮ አልተለወጠም። ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም በአማኑኤልና በደምበጫ በኩል ብትሄዱ፣ ሉማሜ፣ አምበር፣ ሌላውም ሌላውም ከተማ የተቆረቆረው መንገዱን ይዞ ነው። በገበያ ቀን ገበሬው ከነአህያው፣ ከነበጉ፣ አስፋልቱን ነው የሚሞላው፤ ሌላ የእግር መንገድ የለውምና። ተማሪው በዚያ፣ ጋሪውና ባጃጁ በዚያ፣ እኛም ሬሳ ተሸክመን ስንሸኝ በዚያው። በአንድ መንገድ ላይ የበቅሎ ዘመንና የሞተር ዘመን ተደርበው ይሄዳሉ ማለት ነው።

ፍጥነት ለምን ይገድላል? ይህን ከሾፌር ትምህርት ቤት ውጭ የሚያስተምር ስለሌለ እኛ በሚገባን አማርኛ እንንገራችሁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 100 የሚሄደው 28 ሜትር ያህል። ሕፃን ከመንገድ ዳር ብቅ ሲል ዓይን አይቶ፣ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ቢያንስ አንዲት ሴኮንድ ታልፋለች። እንግዲህ በ100 የሚነዳው ሾፌር ፍሬኑን ሳይነካ ነው ከእድራችን ትልቅ ድንኳን የሚረዝም መሬት የሚያልፈው። ከረገጠም በኋላ ነገሩ አያበቃም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መኪናው ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ደረቅ አስፋልት ላይ ማለታችን ነው፤ በሐምሌ ጭጋግና ዝናብ ጊዜማ ምኑ ይነገራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እግረኛን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከሚገጨው በ65 የሚሄደው ቢገጨው የመሞቱ ነገር አራት ተኩል ጊዜ ያህል ይብሳል። ልዩነቱ 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው እኮ! ሾፌሩ ምን ጨመርኩ ይላል፤ ለተገጨው ግን የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

በ2010 መጋቢት ወር በወሎ ለጋምቦ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰው አልቋል፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። አይሱዙ የሚባለውን የጭነት መኪና ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ እስከ መሰየም የደረሰው በአደጋው ብዛት ነው። ይህ መኪና የተሠራው ለጭነት ሆኖ ሳለ በገጠር ሰው ለገበያ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶም ይጫንበታል። በታኅሣሥ 2017 በሲዳማ ሠርገኞች የጫነ አንድ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰው ሞተ። አንድ ሠርግ 71 ለቅሶ ሆነ ማለት ነው። ከየቤቱ የወጣውን ድንኳን አስቡት።

በመላ አገሪቱም ሲታይ፣ በፈረንጆች 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በመኪና አደጋ ሞተው በመንግሥት የተመዘገቡት 4,352 ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት ግን ለዚያው ዓመት 27 ሺ ያህል ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ገምቷል። ይህን የሚያህል ልዩነት ከየት መጣ? ዕድሜያችንን መዝገብ ቤት ስላሳለፍን አይገርመንም። ተገጭቶ ሐኪም ቤት ገብቶ ከወር በኋላ የሚሞት፣ ገጠር ተገጭቶ ቤቱ ተወስዶ የሚያርፍ፣ በሽማግሌ ተይዞ ለፖሊስ የማይነገር፣ ይህ ሁሉ ከቁጥር ውጭ ይቀራል። ያልተመዘገበ ሞት ደግሞ ካሳ የለውም። ይህን አባባላችንን ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ልማድ ሆኗል። እኛ በዚህ ሙሉ በሙሉ አንስማማም። ብዙ ሾፌር የሚኖረው በምልልስ ብዛት ነው፤ ባለ መኪናው በቀን ይህን ያህል ገቢ አምጣ ብሎ ቆርጦ ይሰጠዋል፤ ያን ካላሟላ ነገ መሪውን ሌላ ይይዘዋል። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሰው ጫቱን ይዞ ጧት ደግሞ ይነሣል። ተሳፋሪውስ ብንል፣ «ንዳው እንጂ፣ ምን ታንቀላፋለህ» የሚለው ማን ነው? ቀስ ብሎ የሚነዳውን ሾፌር አሾፍንበት፤ ፈጣኑን ጎበዝ አልነው። ሕጉ ግን ይህን ከኛ በፊት አስቦበታል፤ ካሳውን የሚጠይቀው ከሾፌሩ ይልቅ ከባለ መኪናው ነው።

ይህ ሕግ የመጣው እንዲህ ነው። በ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በቸልተኛነት ሰው የገደለ እንዲቀጣ አደረገ። አሁን የምንሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸናው ሲሆን፣ በአንቀጽ 543 ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው በቸልተኛነት የገደለ፣ ወይም ደንብ እያወቀ የጣሰ፣ ወይም ጠጥቶ ራሱን የሳተ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል ይላል። ነገር ግን ሾፌር ቢታሠር ለሟች ልጆች እንጀራ አይሆንም። የልጆቹ ጉዳይ ያለው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ይኸኛው በ1952 ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ያልፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ። የሚያመልጠው መኪናው ተሰርቆብኝ ነበር ብሎ ካስረዳ ነው፤ ወይም ጥፋቱ የተጎጂው የራሱ ከሆነ በዚያ ልክ ይቀነስለታል። «እኔ ከተማ ነበርኩ፤ አልነዳሁም፤ አላየሁም» ማለት አያድነውም። ጥፋት የለብኝም ማለትም አያድነውም። ይህን ቁጥር ያረቀቁት ሰዎች፣ በዚያን ጊዜ አገሩ ላይ ስንት መኪና ነበረና፣ አርቀው አይተዋል እንላለን።

በዚሁ ሕግ የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ልጆች፣ አባትና እናት ሟቹ ሲረዳቸው የነበረውን ያህል ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። የቆሰለ ሰው የሕክምናውን፣ ከሥራ የቀረበትን፣ ወደፊትም አካሉ በመጉደሉ የሚቀርበትን ይጠይቃል። ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለውን ግን ሕጉ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። በ1952 ሺ ብር ብዙ ነገር የሚያደርግ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ኩንታል ጤፍ እንኳ አይበቃም። ይህ መሻሻል ያለበት ነገር ነው ብለን እናምናለን።

ታዲያ ባለ መኪናው ደሃ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት መልስ አልነበረውም። የመድን ኩባንያዎች በ1967 በመንግሥት ተወርሰው በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ ከ1986 ወዲህ ደግሞ የግሎቹ ተፈቀዱ። መድን መግባት ግን የባለ መኪናው ፈቃድ ነበር፤ የሚገባውም ለገዛ መኪናው አዝኖ ነው። እግረኛው የሚታሰበው በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 559 ሲወጣ ነው። ያ አዋጅ ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ከለከለ። ሦስተኛ ወገን ማለት በአጭሩ እናንተና እኛ ነን፤ በመድን ውሉ ላይ ያልፈረመው፣ መኪናው ግን የሚገጨው ሰው። በ2005 በአዋጅ ቁጥር 799 ተሻሻለ። በዚህ አዋጅ ለሞትም ሆነ ለአካል ጉዳት እስከ 40 ሺ ብር፣ ለንብረት እስከ 100 ሺ ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ እስከ 2 ሺ ብር ተወሰነ። ጣሪያው በየጊዜው ስለሚሻሻል አደጋው በደረሰበት ቀን የሚሠራበትን ከትራፊክ ፖሊስ ወይም ከማንኛውም የመድን ድርጅት መጠየቅ ነው። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ መድን ሰጪው የሚከፍለው እስከ ጣሪያው ነው እንጂ ካሳው እዚያ ላይ አያልቅም፤ ጉዳቱ ከዚያ ከበለጠ ቀሪውን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለ መኪናው ይጠየቃል። ብዙ ሰው መድኑ ከከፈለ በቃ አበቃ ብሎ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ነገር እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአባሎቻችን አንዱ ከገበያ ሲመለስ የጭነት መኪና ገጭቶት ሞተ፤ ሚስቱና አራት ልጆች ቀሩት። በሰልስቱ ዕለት ከባለ መኪናው ወገን ሽማግሎች መጡ፤ መስቀል ይዘው ቆሙ። ሴትዮዋ እግዜር ያመጣው ነው ብላ ይቅር አለች፤ ይቅርታዋም የክርስቲያን ወግ ነው። ለተዝካሩና ለጥቂት ወር ቀለብ የሚሆን ገንዘብ ተሰጣትና አንድ ወረቀት ቀረበላት፤ በአውራ ጣቷ ፈረመች። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለንም» የሚል ነበር። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያ ልጇ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ሲል ክስ እንመሥርት ብላ ስትጠይቅ ያ ወረቀት ፊቷ ተቀመጠ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3312 እንደሚለው፣ ተስማሚዎች ነገራቸውን በስምምነት ከጨረሱ ስምምነቱ ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል።

ሽማግሎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሁለት ነገር አንድ ላይ ቋጠሩባት እንጂ። የደም እርቅ አንድ ነገር ነው፤ የልጆች ቀለብ ሌላ ነገር ነው። እርቁ ይውረድ፤ ሁለቱ ወገኖች በሰላም ይተያዩ፤ ሾፌሩም የእርቅ ወረቀቱን ይዞ ፍርድ ቤት ቅጣቴ ይቅለልልኝ ይበልበት። ለለቅሶው የተሰጠ ገንዘብ ካለ ግን ወረቀቱ «ለቀብርና ለተዝካር ወጪ እርዳታ ተቀበልን» ብቻ ይበል፤ «ሌላ አንጠይቅም» የሚል ቃል አይግባበት። ሽማግሌ ሆናችሁ የምትቀመጡ አባሎቻችን ይህን እንድትጠብቁልን እንለምናችኋለን። ሐዘንተኛ በሰልስቱ ቀን ወረቀት አንብቦ የሚፈርም አእምሮ የለውም።

አደጋ የደረሰበት ቤተ ሰብ ምን ያድርግ ላላችሁን፣ መጀመሪያ የሰሌዳ ቁጥሩን መያዝ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል። የትራፊክ ፖሊስ እስኪመጣ መኪናው ከቦታው እንዳይነሣ ማድረግ፤ ፖሊሱ የሚያነሣው ፕላን በኋላ ፍርድ ቤት የሚታመነው ማስረጃ እሱ ነውና። የቆሰለውን ሰው እንደ እንጨት አንጠልጥሎ መኪና ላይ መወርወር አይገባም፤ አንገቱና ወገቡ ቀጥ ብሎ ተደግፎ ይነሣ። ሐኪም ቤቱ ገንዘብ ካላመጣችሁ ቢል ለአስቸኳይ ሕክምና በአዋጁ የተመደበ ገንዘብ መኖሩን ንገሩት። ያዩ ሰዎችን ስም በዚያው ሰዓት ጻፉ፤ በማግሥቱ ያየ አይገኝም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወረቀት ገንዘብ ነው፦ የሐኪም ካርድ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ አካሉ ለጎደለ ከሕክምና ቦርድ ስንት በመቶ እንደ ጎደለ የሚገልጽ ማስረጃ፣ ለሞተ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ከፍርድ ቤት የሚወጣ የወራሽነት ማስረጃ፣ ሟች በወር ወይም በመኸር ምን ያገኝ እንደ ነበር የሚያስረዳ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከቀበሌ የሚጻፍ ደብዳቤ። ገበሬ ደመወዝ የለውም ተብሎ ካሳው እንዳይቀር፣ ስንት ጥማድ እንደሚያርስና ስንት ኩንታል እንደሚያገባ ምስክር ይቆጠራል።

ክሱ በሾፌሩ፣ በባለ መኪናውና በመድን ሰጪው ላይ ተጣምሮ ይቀርባል። ጊዜው አጭር ነው፤ ሕጉ በቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ሁለት ዓመት ይላል። ነገሩ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ በዚያኛው ይቆጠራል የሚል ተጨማሪ አለው፤ ይሁን እንጂ በዚያ ተማምኖ መተኛት አይበጅም፤ ባለ መኪናው ጠበቃ ይዞ ይርጋ አልፏል ብሎ ይከራከራልና። ሁለተኛው ሙት ዓመት ሳይደርስ ማመልከቻው ይግባ። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው ከቀበሌው የድህነት ማስረጃ ይዞ በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል፤ የሕግ ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ እርዳታ የሚሰጡበት ቦታ አላቸው። ሾፌሩ ወይም ረዳቱ ራሱ ሞቶ ከሆነ ደግሞ ቤተ ሰቡ ባዶ እጁን አይቀርም፤ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ስለ ሆነ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ካሳ አለው። የሾፌር ሚስት ይህን አታውቅም፤ ባሌ ነው ጥፋተኛው ብላ አንገቷን ደፍታ ትቀራለች።

ገጭቶ ያመለጠ መኪና ነገር ቀርቶናል። ሰሌዳው ካልታወቀ፣ ወይም መኪናው ተይዞ መድን የሌለው ሆኖ ከተገኘ፣ አዋጁ ለዚህ ብሎ ያቋቋመው የመድን ፈንድ አለ፤ ገንዘቡም ከየመድን ኩባንያው ከሚሰበሰበው የሚዋጣ ነው። ከዚያ ፈንድ ለመጠየቅ ግን አደጋው ለፖሊስ የተነገረና የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ከላይ ያልተመዘገበ ሞት ካሳ የለውም ያልነው ለዚህ ነው። ሌሊት ተገጭቶ መንገድ ዳር የተገኘ ሰው ሬሳው ወደ ቤቱ ከመወሰዱ በፊት ፖሊስ ይጠራ።

ማመልከቻ መጻፍ የቸገረው አባል ቢኖር፣ በየወሩ መጨረሻ እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ እኛ ጡረተኞቹ ከአዳራሹ አንቀርም። ለመጻፊያ አናስከፍልም፤ የፖሊሱን ማስረጃና የሐኪሙን ወረቀት ብቻ ይዞ ይምጣ።